የ«ለ» ጆንያ ገብስ

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ቡዳ በላው ሲሉኝ ወባ ነው እላለሁ፣ ዛር ሰፈረባት ሲሉኝ እስኪ ባሏን ጠይቁት እላለሁ፣ የሰፈሩ ሰው «ይኸን ሰውየ ፈረንጅ አበላሽቶታል» እያለ ሲያማኝ ኖሯል፣ እኔም አልተቀየምኩም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው ሳገኝ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነበር። አንተም ሰምተህ ስትጨርስ ያንኑ ብትጠይቀኝ አልከፋም፣ መልሱን ግን ከአሁኑ ያዝልኝ፣ ሁዳዴ ነበር፣ ቀትር ነበር፣ ውኃ እንኳ በአፌ አልዞረም ነበር።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው፣ ሐምሳዎቹ ሊያልቁ አካባቢ፣ ፍኖተ ሰላምን ሽማግሌዎች ገና «ወጀት» እያሉ በቀድሞ ስሟ የሚጠሯት ጊዜ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሦስት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፣ እዚያ አንድ ፈረንጅ ዶክተር የነቀዝ መድኃኒት ይመረምር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጎታ ውስጥ ያለ እህል ላይ ሲነሰነስ ነቀዙን ድምጥማጡን የሚያጠፋ ዱቄት ተገኝቷል፣ ግን ለገበሬ ከመታደሉ በፊት ያንን እህል የበላ ፍጡር ምን ይሆናል፣ ይታመማል ወይ፣ ይወልዳል ወይ፣ የሚወልደውስ ደህና ነው ወይ፣ ይኸ መታወቅ አለበት። ይኸን የሚያውቁልን ደግሞ ጥንቸሎች ናቸው። እኔ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ስለነበርኩ ጥንቸል ላበላ፣ ጥንቸል ልመዝን፣ የወለዱትን ልቆጥርና በመዝገብ ልጽፍ ተቀጠርኩ፣ የከተማው ሰው ወዲያው «የጥንቸሎች ባልደራስ» የሚል ማዕረግ ሰጠኝ።

ሰው ግን በኔ መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ተቆጥቶም ነበር። ጥንቸል እኛ ዘንድ ርኩስ ናት፣ ሥጋዋ አይበላም፣ እሷ በነሐሴ፣ የገበሬው ጎታ ተጠርጎ ልጅ ሲያለቅስ፣ የተበጠረ ገብስ በሣህን ይቀርብላታል። «ለሰው ያልበቃ እህል ለጥንቸል!» ይሉኛል ገበያ ላይ፣ እኔም አፌን ሞልቼ ስለ ሳይንስ አስረዳለሁ፣ በሆዴ ግን እውነታቸውን ነው እላለሁ።

ገብሱ በሦስት ጆንያ ነበር። በአንዱ ላይ መድኃኒቱ በብዛት ተነስንሷል፣ በአንዱ ላይ በጥቂቱ፣ ሦስተኛው ላይ ግን መድኃኒቱን የሚመስል፣ ምንም የማያደርግ ነጭ ዱቄት ብቻ ነው ያለው፣ ብታየው ብታሸተው አትለየውም። በጆንያዎቹ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ተጽፏል፣ የትኛው ፊደል የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን ወረቀት ዶክተሩ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል፣ ቁልፉ ከአንገቱ አይወርድም። አንድ ቀን ለምን ለእኔ እንኳ እንደማይነግረኝ ብጠይቀው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «አንተ ካወቅህ ዓይንህ ይዋሻል» አለኝ። ያኔ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው፣ አሁን ግን ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንቱታዬን ለሌላ ሰው አስቀምጫለሁ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት፣ አወቅሁት ነው ያልኩት። ሀን የሚበሉት ጥንቸሎች ፀጉራቸው ይረግፋል፣ ሐን የሚበሉት ይከሳሉ፣ ለን የሚበሉት ግን ወፍረው፣ ቆዳቸው ቅቤ የተቀባ እስኪመስል ያብረቀርቃል። እንግዲህ ንጹሑ ለ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ቁልፍ አያስፈልግም አልኩ።

አሁን ስለ እህቴ ልንገርህ፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ናትና። አንጓች ትባላለች፣ እናት አባታችን በአንድ ክረምት ካለቁ በኋላ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ እኔም ነኝ ከቡሬ በታች ላለ ደመላሽ ለሚባል ገበሬ የዳርኳት። ደመላሽ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ ልጅ አልመጣም፣ እናቱ ደግሞ ምላሷ መርዝ ነው፣ በሰው ፊት «አራት ክረምት ያላበቀለ መሬት ይለቀቃል» ትላት ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ መጪው ሰኔ ካልወለደች በሰላም ትሂድ ተብሎ ነበር፣ ልክ እዚህ ላይ እያለን እግዜር አያት፣ አረገዘች።

በነሐሴ ልጠይቃት ስሄድ ደጅ ድረስ ሮጣ ወጥታ ተቀበለችኝ፣ ፊቷ ወዝ ይዟል። ብቻችንን ስንሆን ጠጋ ብላ «ወንድማለም፣ አትሳቅብኝ እንጅ፣ ጥሬ ገብስ አማረኝ» አለችኝ። «እንዲሁ በጥሬው ልቆረጥመው፣ ሌሊት በህልሜ ሁሉ እቆረጥመዋለሁ፣ ከየት ላምጣው፣ የነሱ ጎታ ባዶ ነው፣ አማቴን ብጠይቃት ደሞ ገና ሳትወልድ አገር ልትበላ ነው ትለኛለች።»

ወጉን ታውቀዋለህ፣ እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ምልክት ይዞ ይወጣል ይባላል፣ ያማራትን ፈልጎ ማምጣት ደግሞ እናት ከሌለች የወንድም ዕዳ ነው። እኔ ምልክቱን አላመንኩም፣ ግን እህቴ ናት፣ ለምናኛለች፣ እኔ ደግሞ ርኩስ እንስሳ የማበላው ሦስት ጆንያ ገብስ አለኝ። በሳምንቱ ከለ ጆንያ አንድ ቁና ያህል ሰፍሬ፣ በኩታዬ ቋጥሬ ወሰድኩላት። «ለማንኛውም አጥበሽ ብይው» አልኳት፣ ዱቄቱ እንዳያስደነግጣት። አጠበችውና እፍኝ እፍኝ እያደረገች ስትቆረጥም አየኋት፣ እመነኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በኅዳር አዲሱ እህል ገባ፣ የደመላሽ ጎታ ሞላ፣ እሷ ግን «የዚህ አገር ገብስ ያቅለሸልሸኛል፣ ያንተን አምጣልኝ» አለች። በየሦስት ሳምንቱ ተመላለስኩ። እሷም ወፈረች፣ ፀጉሯ አብረቀረቀ፣ እኔም ሞኙ እሷን አይቼ ጥንቸሎቼን፣ ጥንቸሎቼን አይቼ እሷን እያስታወስኩ በብልጠቴ እኮራ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። በሁዳዴ አጋማሽ፣ መጋቢት ውስጥ ነው፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል። የሁዳዴ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ዘበኛውም ሾፌሩም ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ዶክተሩ ምሳውን በልቶ ቤቱ ጋደም ብሏል፣ እኔ ከለ ጥንቸሎች መጀመሪያ የምትወልደዋ ቀኗ ስለደረሰ ቀርቻለሁ። ከጥንቸሎቹ ቤት ውጭ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ የውኃ መጠጫ ጣሳዎች አጥባለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የእግር ምት ነው። ጥንቸል ስትፈራ በኋላ እግሯ መሬት ትመታለች፣ ይኸን ለምጄዋለሁ፣ ድመት ስታልፍ አንዷ ትመታለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ያን ቀን ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መቱ፣ ዝም አሉ፣ ደግመው በአንድ ጊዜ መቱ። እባብ ገብቶ ይሆናል ብዬ ዱላ ፈለግሁ። ዱላውን ሳነሳ ዝም አሉ፣ ዝም ሲሉ ደግሞ ከስሩ ሌላ ድምፅ ተሰማኝ፣ ሴቶች ናቸው፣ ብዙ ሴቶች፣ በለሆሳስ «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፣ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ የሚባለውን።

ቅዳሴው ነው እንዳልል ቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባዬ ነው፣ ሩቅም ነው፣ ይኸ ደግሞ ከፊቴ፣ ከቤቱ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የተነጠረ ቅቤ ሸተተኝ። በሁዳዴ! በዚያች ከተማ በዚያ ቀን ቅቤ የሚያነጥር ሰው ቢገኝ ኖሮ ወሬው ለወር ይበቃን ነበር። ወዳጄ፣ የቀትር ጋኔን የሚሉት ነገር አለ፣ ዳዊት ስደግም ስሙን እየጠራሁ አልፌው ኖሬያለሁ እንጂ አንድም ቀን እውነት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን ዱላውን ጥዬ አማተብኩ።

ከዚያ እልልታው ወጣ። ከዚያ ከተዘጋው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጥርት ያለ የሴቶች እልልታ! ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት፣ ይኸን ማን ያጣዋል፣ እኔም ሳላስበው በሩ ላይ ቆሜ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። አንድ አሉ። ሁለት አሉ። ሦስት አሉ። አራተኛውን ጀመሩ፣ አሃ ወንድ ነው አልኩ በልቤ፣ እንደ እብድ፣ የማን ወንድ እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ አራተኛው መሐል ላይ ግን ድንገት ተቋረጠ፣ አንድ ሰው የሁሉንም አፍ በአንዴ የያዘ ያህል ጭጭ አለ። ልግባ ብዬ እግሬን አነሳሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፣ በእጄ የያዝኩት ጣሳ ደርቆ ነበር።

ስገባ ሰው የለም። ጥንቸሎቹ ሁሉ በየሣጥናቸው ውስጥ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል፣ ወደ ለ ሣጥን። ያቺ እናት ከደረቷ በነጨችው ፀጉር ላይ ወልዳለች፣ ሰባት፣ ሙቀታቸው አልጠፋም፣ አንዱም አይተነፍስም። እኔ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? መዝገቡን አወጣሁ፣ አንድ በአንድ መዘንኳቸው፣ «ለ፣ ሰባት፣ ሙት» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሏን ከጻፍኩ በኋላ ነው እርሳሱ ከእጄ የወደቀው።

ሮጬ ዶክተሩን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። «መሳቢያውን ይክፈቱልኝ፣ ለ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» አልኩት። የሞቱትን ነገርኩት፣ ስለ እልልታው ምን ብዬ ልንገረው፣ ተውኩት። እሱም ዓይኑን እያሸ «አንድ ወሊድ ምንም አያሳይም፣ ንጹሕ የበላችም ሙት ትወልዳለች። ሥራው ሳያልቅ ወረቀት አይከፈትም» አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ፣ ያንን አልወደደም፣ ወደ ኋላ ሸሸ። በመጨረሻ ተናገርኩ፣ «እህቴ በልታዋለች፣ እርጉዝ ናት፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኩ።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር ሳበና «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከነሐሴ።»

«በቀን ምን ያህል?»

«እፍኝ፣ አንዳንዴ ሁለት እፍኝ።»

«ክብደቷ ስንት ነው?»

የእህቴን ክብደት ጠየቀኝ። ሊጽፈው። እኔም፣ አየህ፣ የሠለጠንኩ ነኝና፣ በግምት ነገርኩት። መሳቢያውን አልከፈተም፣ እኔ ስወጣ «ስትወልድ አሳውቀኝ» ብሎ ከኋላዬ ተጣራ።

ወደ ቡሬ የሚሄድ እህል የጫነ ትሬንታ ኳትሮ መኪና አቁሜ ከላይ ወጣሁ፣ ከቡሬ በታች ያለውን በእግሬ ሮጥኩት። ምን ላደርግ እንደምሄድ አላውቅም፣ የበላችውን ከሆዷ አላወጣው፣ ብቻ ገና ወር ተኩል ይቀራታል፣ አንድ ነገር ይደረጋል እያልኩ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደመላሽ ግቢ ደረስኩ። ሴቶች ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከውስጥ የተነጠረው ቅቤ ይሸታል፣ ለገንፎው የተዘጋጀው።

አዋላጇ እኔን ስታይ ተነሥታ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። «ልጀ፣ ያለ ቀኑ ገፋት። ቀትር ላይ ተገላገለች። ወንድ ነው ብየ እልልታ አስጀመርኋቸው፣ ሰባት ሊሉ፣ እኔ ሳገላብጠው... በአራተኛው አፋቸውን አስያዝኋቸው።» አለችኝ። ላየው ብዬ ወደ ውስጥ ስሄድ ከፊቴ ቆመች። «አትየው። ጠቅልለነዋል፣ እናቱም አላየችው። ሾተላይ ነው፣ ወንድም ጋሻየ፣ ሾተላይ ነው የበላው።»

ሾተላይ በማኅፀን ያለ ልጅ ይበላል የሚባለው መንፈስ ነው። ደመላሽ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅስ ነበር፣ እናቱ «እኔ መች አጣሁት፣ ሾተላይ ያለባትን ነው የዳሩልን» ትላለች፣ ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔ መሐላቸው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ገብሱ ነው፣ እኔ ነኝ ብል እህቴ ነፃ ትወጣ ነበር። ደመላሽ ጠመንጃ አለው፣ ወንድሞቹም አላቸው፣ ደም ይመጣል ብዬ ነው የተውኩት እያልኩ ለብዙ ዓመት ራሴን ሸንግያለሁ፣ ሐሰት ነው፣ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ያ ሁሉ ብልጠቴ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ልጁን ክርስትና ስላልተነሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ቀበሩት፣ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ።

በአርባ ቀኗ ሸኟት። ልወስዳት ሄጄ፣ ወደ ቡሬ ዳገቱን ስንወጣ ሳታየኝ «ያን ቀን ለምን አልገባህም?» አለችኝ።

«የት?»

«በሩ ላይ ቁመህ አይቸህ የለ? ጣትህን እያጠፍህ ስትቆጥር። በእጅህ ጣሳ ይዘህ ነበር። ና ግባ እያልሁ ስጠራህ ዝም አልኸኝ።»

እዚያው መንገዱ ላይ ቆምኩ። ያን ቀትር ፍኖተ ሰላም እንደነበርኩ፣ ማታ እንደደረስኩ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ምን ይዘህ መጣህ፣ ለምን ሮጥህ፣ ምን አወቅህ ብትለኝስ? «ወንድ አይገባም ብለውኝ ነው» አልኳት። «እህ» ብላ ቀጠለች።

ዶክተሩ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ «ሞተ» አልኩት፣ ጻፈው። በዓመቱ ዕቃውን በሣጥን አሽጎ አገሩ ሄደ፣ መሳቢያውን ከፍቼ አየሁ፣ ባዶ ነው። እስከ ዛሬ ለ ምን እንደነበረ አላውቅም። ምናልባት ንጹሑ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ የምልባቸው ቀኖች አሉ፣ ያን ቀን ምሳ ይበላልኛል።

አንጓች ከእኔው ጋር ኖረች፣ ሾተላይ ያለባት ተብላ አገር ያወቃትን ማን ያገባታል፣ ፀጉሯ ሸበተ፣ አሁንም አለች። በየዓመቱ በጳጉሜን ጠበል ትጠመቃለች፣ ይልቀቀኝ ብላ፣ ዕቃዋን ይዤ የምከተላት እኔ ነኝ። ቄሱ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «አንተ ልጇን የበላህ፣ ማን ነህ? ተናገር!» ይሏታል። ሌሎቹ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ ስም ይጠራሉ። እሷ አትጮኽም። ውኃው እየወረደባት ዓይኗን ትገልጥና እኔን ታያለች፣ ቄሱም አሁን አሁን ዓይኗን ተከትለው ወደ እኔ ማየት ጀምረዋል፣ እኔም ደረቅ ልብሷን እንደታቀፍኩ መሬት መሬቱን አያለሁ።